ከአሜሪካ አንድ ዕቃ ብቻ ይመጣልኛል፤ ባለ አምስት ክር ቤዝ ጊታር ወይስ አምፕሊፋየር?

የከዚራው ቤዝ | ድሬዳዋ | ኅዳር 17 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ ሠርግ ስለሌለ እጄ ሥራ ፈትቷል፤ እጅ ሥራ ሲፈታ ደግሞ ሐሳብ ይበዛል። ስለዚህ በሆዴ የያዝኩትን ጥያቄ ላውጣው።

የአክስቴ ልጅ ለቁልቢ ገብርኤል፣ ለታኅሣሥ 19፣ ከአሜሪካ ይመጣል። «አንድ ነገር ምረጥ፣ ይዤልህ እመጣለሁ» ብሎኛል። ያለው አንድ ነው። ሁለት ብጠይቅ አክስቴ ትሰማለች፤ አክስቴ ከሰማች ደግሞ ከገንደ ቆሬ እስከ ሳቢያን ያለው ዘመድ ሁሉ ይሰማል።

ያለኝ ባለ አራት ክር ቤዝ ነው፤ የፌንደር ፕሪሲዥን ቅጂ፣ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለኝ። ዓርብና ቅዳሜ ሆቴል ውስጥ እጫወታለሁ፤ በሠርግ ወቅት ድሬ፣ ሐረር፣ አንዳንዴም ጭሮ እንሄዳለን። አምፕሊፋየር የለኝም። በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ነው የምሰካው፤ ድምፄ ከሞንታርቦው ሲወጣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ይመስላል። ኦርጋን ተጫዋቻችን በግራ እጁ የሚያወጣው ቤዝ ከእኔ ይልቅ ጥርት ብሎ ይሰማል። ባለፈው ጥቅምት አንድ የሙሽራ አጎት መድረኩ ድረስ መጥተው «አንተ ልጅ፣ የምትጫወተው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሊቀልዱብኝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

ልቤ ያረፈው ባለ አምስት ክሩ ላይ ነው። ምክንያትም አለኝ። ድምፃዊያችን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ጉሮሮው ሲደክም «አውርዱልኝ» ይላል። ኦርጋኒስቱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያወርዳል። እኔ ግን ከወፍራሙ ክሬ ድምፅ፣ ከኢ፣ በታች መውረጃ የለኝም፤ ኢ ፍላት ወይም ዲ ላይ ስንደርስ መነሻውን ድምፅ አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ ወጥቼ እፈልገዋለሁ፤ ዘፈኑም ወለል የሌለው ቤት ይሆናል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሞንታርቦ | ድሬዳዋ | ኅዳር 17

ሁለቱንም አትጠይቅ።

ሥራዬ የሳውንድ ሲስተም ነው፤ ያንን ብርድ ልብስ በሳምንት ሦስት ጊዜ እሰማዋለሁ። ጥፋቱ የቤዝህ አይደለም። ባትሪ የሌለው ቤዝ ፒካፑ፣ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ማለት ነው፣ ፀጉር የሚያህል የመዳብ ሽቦ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመበት ማግኔት ነው። ከሱ የሚወጣው ምልክት አቅም ስለሌለው የሚሰካበት መግቢያ ተቃውሞው ከፍተኛ፣ ወደ 1 ሜጋ ኦም የሚደርስ፣ እንዲሆን ይፈልጋል። የሚክሰሩ ተራ መግቢያ ግን 10 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። እዚያ ላይ ስትሰካው ፒካፑ ከአቅሙ በላይ ይጫንበታል፤ መጀመሪያ የሚሞተውም ቀጭኑ ድምፅ፣ ጣትህ ክሩን የነካበት ያ «ጠቅ» የሚለው ነገር ነው። ጉምጉምታው ብቻ ይቀርልሃል። ኦርጋኑ የራሱ ኃይል ያለው ምልክት ስለሚልክ ይህ ችግር አይነካውም።

መድኃኒቱ ዲአይ ቦክስ ነው። በቤዙና በሚክሰሩ መካከል ገብታ ምልክቱን ለሚክሰሩ እንዲስማማ የምታደርግ፣ የጥርስ ሳሙና ካርቶን የምታህል የብረት ሣጥን። ባትሪ የምትበላውን ዓይነት አስመጣ፤ በ9 ቮልት ባትሪ ወይም ከሚክሰሩ በሚላክላት 48 ቮልት ትሠራለች። አንድ ጥሩ ኬብል ጨምርበት። ከዚያ የሙሽራው አጎት ራሳቸው ይመጣሉ።

ጀጎል ዙሪያ | ሐረር | ኅዳር 18

ሞንታርቦ እውነቱን ነው፤ ግን ሙዚቀኛ የሚጫወተው ለሕዝቡ ብቻ አይደለም፤ ራሱንም መስማት አለበት። ዲአይዋ ድምፅህን ወደ አዳራሹ ትልከዋለች፤ አንተ ግን ከከበሮው ጎን ቆመህ ምንም አትሰማም። ሠላሳ ዓመት ተጫውቻለሁ፤ እጄ የሰነፈው ራሴን ባልሰማሁባቸው ዓመታት ነው። ሰው ራሱን ካልሰማ ክሩን ይደበድባል።

ስለዚህ የእኔ ምክር አምፕ ነው፤ ነገር ግን ስፒከሩ ከነሣጥኑ ሳይሆን ራሱ አምፑ ብቻ። የአሁኖቹ ቀላል አምፖች 500 ዋት እያወጡ ከሦስት ኪሎ አይበልጡም፤ በእጅ ቦርሳ ይገባሉ። ሣጥኑን እዚሁ አናጺ ይሠራልሃል። ታዲያ በኮምፔርሳቶ አሠራው፤ በቺፑድ እንዳታሠራው። ቺፑድ ከባድ ነው፣ ጥጉ ይፈረፈራል፣ አንድ ዝናብ ካገኘው እንደ ዳቦ ያብጣል። እኔ በቺፑድ ያሠራሁትን ሣጥን ሁለት ዓመት የደንገጎን ዳገት አመላልሼ ወገቤን ሸጬበታለሁ።

ስለ አምስተኛው ክር ደግሞ እውነቱን ልንገርህ። የኢ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው፤ አምስተኛው፣ ዝቅተኛው ቢ፣ 31። የሆቴልህ ስፒከር 41ንም በቅጡ አያወጣም፤ የምትሰማው ከሱ በላይ ያሉትን አጃቢ ድምፆች ነው። 31ን ገዝተህ የት ልታሰማው ነው? ድምፃዊው ሲደክምበት የኢን ክር ወደ ዲ አውርደህ ተጫወት። ቁልፉን ለማዞር አምስት ሰከንድ፣ ጣትህን ለማስለመድ አንድ ወር።

የከዚራው ቤዝ | ድሬዳዋ | ኅዳር 18

ጋሼ፣ ክሩን ወደ ዲ ሳወርደው ይላላል፤ አንገቱ ላይ ያሉትን ብረቶች፣ ፍሬቱን፣ እየመታ ይንጫጫል። ደግሞም ክሬ አርጅቷል። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ አንድ ምሽት ተጫውቼ ሳበቃ ቤዙ በላብ ታጥቦ ነው የሚያድረው። ባለፈው ሰኔ ሰው እንደነገረኝ ክሮቹን አውጥቼ በድስት ውኃ ቀቀልኳቸው። እኅቴ ክዳኑን ከፍታ «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ፓስታ ነው?» አለችኝ። ድስቱን እስካሁን አልመለሰችውም፤ አልጠቀምበትም ብላ ጥግ ላይ አስቀምጣዋለች።

ጀጎል ዙሪያ | ሐረር | ኅዳር 18

መቀቀሉ ይሠራል፤ በጠመዝማዛው መካከል የገባውን ላብና ቆሻሻ ያወጣዋል። ግን ለሁለት ለሦስት ምሽት ነው፤ ከዚያ ተመልሶ ይሞታል። ላብ ለሚበዛበት ሰው ጠፍጣፋ ጥቅል ክር፣ ፍላትዋውንድ የሚሉትን፣ ያምጣልህ። ከላይ ለስላሳ ስለሆነ ቆሻሻ የሚደበቅበት ስንጥቅ የለውም፤ ዓመታት ይቆያል። የአሜሪካው ሙዚቃ አሳታሚ የሞታውን ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጃመርሰን እንዲህ ዓይነት ክር ነበር የሚጠቀመው፤ ካልተበጠሰ በቀር አይቀይርም ነበር ይባላል። ብልጭልጭ ድምፅ አትጠብቅበት። ለትዝታና ለባቲ ግን ከዚህ የተሻለ ክር በእጄ አልነካሁም። ለችክችካም ቢሆን፣ ክሩ ቶሎ ዝም ስለሚል ምቱ አይጨማለቅም።

ወደ ዲ ስታወርደው የሚላላው የኢ ክርህ ቀጭን ስለሆነ ነው። የውፍረት ቁጥሩ 105 ከሆነ ወደ 110 ከፍ በል። ክር ስትቀይር አንገቱ ስለሚንቀሳቀስ ውስጡ ያለውን ብረት ማስተካከል ይኖርብሃል፤ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ እንዳታዞረው፣ አዙረህም ጥቂት አሳርፈው።

ኦርጋኒስት | ድሬዳዋ | ኅዳር 19

በግራ እጄ ስለተነሣብኝ ልናገር።

እኛ ቤዝ ተጫዋች ጠልተን አይደለም ግራ እጃችንን ያስለመድነው። ባለ ሠርጉ «ስንት ሰው ናችሁ?» ይላል። ስድስት ስትለው ፊቱ ይጠቁራል፤ ሁለት ስትለው ይስማማል። አንድ ኦርጋንና አንድ ድምፃዊ ይዞ የሚሄደው ቡድን ሥራውን ይወስዳል። ስለዚህ ግራ እጄ የቤተሰቤን እንጀራ ያበላኛል፤ ቤዝ ተጫዋች ሲመጣ በአንድ ቀን ሥራ ፍታ ብለው አይሰማኝም።

ነገር ግን ሁለታችንም ታች ስንወርድ ድምፁ እንደሚበላሽ አውቃለሁ። ሁለት ሰው አንድ ወንበር ላይ እንደመቀመጥ ነው። መፍትሔው ዕቃ ሳይሆን ስምምነት ነው። እኔ ከቤዝ ተጫዋቼ ጋር የተስማማሁት ግራ እጄ ከመካከለኛው ሲ በታች ላይወርድ ነው። እሱ በበኩሉ ቁልፍ ልጫን ስል አንገቴን ሳነቃንቅ ያየኛል፤ ስልኩን አይነካካም። አንተስ ተጫዋችህን አነጋግረኸው ታውቃለህ፣ ወይስ እዚህ ለእኛ ብቻ ነው የምታማርረው?

ሌላም ነገር። ገንዘብ የምታወጣ ከሆነ ቀኑን ቁጠር። ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ይገባል፤ ረመዳንም በሁለት ቀን ልዩነት ይከተለዋል። አምና በአንድ ሳምንት ውስጥ ነበር የገቡት። ድሬ ላይ የሁለቱም ሃይማኖት ሠርግ ስለምንሠራ አንዱ ሲጾም በሌላው እንኖር ነበር፤ አሁን ግን በሮቹ አብረው ይዘጋሉ። ከጥምቀት እስከ ጾሙ አራት ሳምንት ብቻ ነው ያለህ። የቤት ኪራይህን ከዚያ አራት ሳምንት አውጣ፣ ቀጥሎ ስለ ክር እናውራ።

የኤረር በር ልጅ | ሐረር | ኅዳር 19

እኔ ድምፃዊት ነኝ፤ ስለ ክር ብዙ አላውቅም። ግን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ አንድ ድንኳን ውስጥ ስዘፍን ከንፈሬ ማይኩን ነካ፣ እጄ ደግሞ የቤዝ ተጫዋቹን ክር። አብረን ልንስቅ ትከሻውን ልይዝ ብዬ ነው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው መሬት ላይ ተቀምጬ ሰዎች ውኃ ሲያጠጡኝ ነው። አምፑን የተከለው ሰው «ድምፁ ይጮህ ስለነበር የሶኬቱን ሦስተኛ እግር ቆርጫታለሁ» አለ። እንደ ብልኅ ሥራ ነው የነገረን።

ሞንታርቦ | ድሬዳዋ | ኅዳር 19

እኅቴ፣ እንኳን ተረፍሽ። ይህንን ሁሉም ያንብበው። የቤዙ ክሮች በድልድዩ በኩል ኬብሉ ከሚሰካበት ጃክ ጋር፣ ጃኩ ከአምፑ ብረት ጋር፣ ብረቱ ከሶኬቱ የመሬት መስመር ጋር የተያያዙ ናቸው። የመሬት መስመሩን የቆረጠ ሰው አምፑ ውስጥ አንድ ነገር ሲበላሽ ኤሌክትሪኩን መውጫ አሳጥቶታል፤ መውጫ የሚሆነው ተጫዋቹ ነው። ጩኸቱ፣ ያ የ50 ኸርዝ እምምታ፣ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አምፑና ሚክሰሩ በሁለት መንገድ ከመሬት ጋር ሲገናኙ ነው። ዲአይዋ ላይ ለዚህ የተሠራች ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ አለች፤ የምትቆርጠው የድምፁን መስመር መሬት ነው፤ የሰውየውን መከላከያ አትነካም። ዋጋዋ ከቀብር ወጪ ያነሰ ነው።

አሸዋ | ድሬዳዋ | ኅዳር 20

እኔ ጠጋኝ ነኝ። አምፕ ተቃጥሎ ሲመጣልኝ ሁልጊዜ የማገኛቸው ሁለት ታሪኮች ናቸው።

አንደኛው፦ ዕቃው ከአሜሪካ መጣ፣ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ይላል፣ ማንም አላነበበውም፣ እዚህ 220 ላይ ተሰካ። ፊውዙ ከተበጠሰ ዕድለኛ ነህ። አንዳንዱ ደግሞ ፊውዙ ሲበጠስበት በቀጭን ሽቦ ያስርና እንደገና ይሰካዋል፤ ያን ጊዜ ወደ እኔ የሚመጣው ከሰል ነው። የአክስትህ ልጅ ከመግዛቱ በፊት የጀርባውን ፎቶ ይላክልህ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ይግዛ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ይተወው። ትራንስፎርመር ገዝቶ መጠቀም ይቻላል፤ ግን ክብደቱ አለ፤ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ የቆየ አምፕ ደግሞ በእኛ 50 ኸርዝ ላይ የበለጠ ይሞቃል፤ የድሬ ሙቀት ሲጨመርበት አስበው።

ሁለተኛው ታሪክ የድንኳን መብራት ነው። ሦስት ፌዝ ካለው መስመር ላይ ሲቀጥሉ የኒውትራሉ ሽቦ ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ 220 ይመጣል ብለህ የጠበቅህበት ሶኬት እስከ 380 ድረስ ሊወጣ ይችላል። አምፖሎቹ በድንገት ሲደምቁ ካየህ «እንዴት ያምራል» አትበል፤ ነቅለህ ሩጥ። ስታቢላይዘርም ከመጠን በላይ ሲመጣበት የሚቆርጥ ዓይነት ካልሆነ አያድንህም። ጄኔሬተር ሲነሣም የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ጠብቅ፤ እስኪረጋጋ አትሰካ።

ሐኪም ጋራ | ሐረር | ኅዳር 20

500 ዋት ይበቃል እንዴ? እኔ 1,000 ዋት ነው የምፈልገው።

አሸዋ | ድሬዳዋ | ኅዳር 20

ከ500 ወደ 1,000 ብትወጣ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ነው፤ ጆሮህ «ትንሽ ጨመረ» ይላል እንጂ እጥፍ ሆነ አይልም። በዚያ ገንዘብ ሁለተኛ ሣጥን ብታሠራ ይሻልሃል። ሁለት ባለ 8 ኦም ሣጥን አንድ ላይ ሲቀጠል 4 ኦም ይሆናል፤ አብዛኞቹ አምፖች እዚያ ድረስ ይችላሉ። ሦስተኛ ከጨመርክ ግን ከ3 በታች ትወርዳለህ፤ እንገናኛለን ማለት ነው። በአምፑና በሣጥኑ መካከልም የጊታር ኬብል እንዳትጠቀም፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ይግላል።

ጀጎል ዙሪያ | ሐረር | ኅዳር 21

እዚህ የማነሣው አንድ ነገር አለ፤ ከጥያቄው ትንሽ ይወጣል። ድሬዎች ሐረር መጥታችሁ «ቤዜ ቅኝቱን አጣ» የምትሉት ቤዙ ስለተበላሸ አይደለም። እናንተ ያላችሁት 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እኛ ከ1,800 በላይ ነን። በሚኒባሱ ጣራ ላይ በፀሐይ ግሎ የመጣው ክር በሐረር ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ይወጠራል፣ ድምፁ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ደንገጎን፣ ሐሮማያን፣ አወዳይን አልፋችሁ ስትደርሱ መጀመሪያ ራት ብሉ፤ ቤዙ ከቦርሳው ወጥቶ ግማሽ ሰዓት አየሩን ይልመድ፤ ከዚያ ቃኙት። ጣራ ላይ አትጫኑት፤ ጭን ላይ ያዙት። እኔ በወጣትነቴ ለቤዙ የራሱን ወንበር ከፍዬ ሄጃለሁ፤ ረዳቱም «ሰውየው የት አለ?» እያለ ሐረር ድረስ ሲጨቀጭቀኝ ነበር።

የከዚራው ቤዝ | ድሬዳዋ | ኅዳር 22

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኦርጋኒስት፣ ቃልህ ቆንጥጦኛል። እውነት ነው፣ ከተጫዋቻችን ጋር ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ትናንት ሻይ ጋብዤው ነገርኩት። «አንተ ስለማትሰማ እኮ ነው በግራ እጄ የምሸፍንልህ» አለኝ። ለካ እሱ እኔን እየረዳኝ ነበር።

ለአክስቴ ልጅ የጻፍኩለት ይህን ነው፦ አንድ ዲአይ ቦክስ፣ አንድ ጠፍጣፋ ጥቅል ክር፣ ኢው 110 የሆነ። በአንድ ካርቶን ከገባ አንድ ዕቃ ነው ብዬ ቆጥሬዋለሁ። ባለ አምስት ክሩ ይቅር። ማታ ማታ ፎቶውን አያለሁ፤ ያ የግሌ ጉዳይ ነው።

የከዚራው ቤዝ | ድሬዳዋ | ታኅሣሥ 24

የአክስቴ ልጅ መጣ። ዲአይዋና ክሩ ደርሰዋል። ነገር ግን «ይህችን ጥፍር የምታህል ነገር ለማምጣት ነው ውቅያኖስ የማቋርጠው?» ብሎ ተቀይሞ ኖሯል። ለድንገተኛ ደስታ ብሎ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ የቤዝ አምፕ ገዝቶ አመጣልኝ። የድሮ ነው፣ ባለ ብረት ትራንስፎርመር፤ 16 ኪሎ ይመዝናል። ከ23 ኪሎ ሻንጣው ውስጥ ለአምፑ ቦታ ሲል ለአክስቴ የገዛላትን ጫማ ትቶ መጥቷል። አክስቴ እስካሁን አላወቀችም።

ጀርባውን አነበብኩት። 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ከጎኑ ምንም የለም።

አሸዋ | ድሬዳዋ | ታኅሣሥ 24

አትሰካው። ክዳኑን ከፍቼ ልየው፤ በአንዳንዶቹ ትራንስፎርመር ላይ ለ220 የተተወ ተጨማሪ ሽቦ ይገኛል። ካለው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከሌለው ትራንስፎርመር ታይዋን ገበያ ፈልግ፤ አምፑ ከሚስበው ዋት ቢያንስ በግማሽ የሚበልጥ ይሁን። እስከዚያ ሶኬቱን በፕላስተር ጠቅልልና «አትንኩ» ብለህ ጻፍበት። እኔ ያየኋቸው አምፖች ብዙዎቹ የተቃጠሉት በባለቤታቸው እጅ አይደለም፤ ሊረዳው በመጣ ሰው እጅ ነው።

የከዚራው ቤዝ | ድሬዳዋ | ጥር 14

አሸዋ ከፈተው፤ ተጨማሪ ሽቦ የለውም። ስለዚህ አምፑ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍኖ ቤት ተቀምጧል፤ ፕላስተሩ ላይ በቀይ ጽፌበታለሁ። የእኅቴ ልጅ ገና ማንበብ ስለማይችል ደግሞ የራስ ቅል ሣልኩበት።

ከጥምቀት ማግስት ሳቢያን ሠርግ ነበረን። ዲአይዋን ሰካሁ፣ ኦርጋኒስታችን ግራ እጁን አነሣ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ከበሮ መቺው ዞሮ አየኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ዞሮ አይቶኝ አያውቅም። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድምፃዊው «አውርዱልኝ» አለ፤ ክሩን ወደ ዲ አወረድኩት፤ አልተንጫጫም። በመሃል መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ እኔ ሚክሰሩ እስኪበራ ብቻ ነው የጠበቅሁት።

ጀጎል ዙሪያ | ሐረር | ጥር 14

እሰይ! የፊታችን ቅዳሜ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ሠርግ አለኝ፤ ጣቴ ስላበጠ ሰው እፈልጋለሁ። አምፑን ተወው፤ ከእኔ አለ። አንተ ቤዝህንና ዲአይህን ይዘህ ና፤ ባለ 9 ቮልት ባትሪም ከድሬ ሁለት ግዛልኝ፤ እዚህ የምገዛው ሁሉ ከመሸጡ በፊት ያለቀ ነው።